ፓምፑ አልተቃጠለም ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ጎንደር፣ ሳሙና በር የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። 34 ዓመት ሳይንስ አስተምሬያለሁ። ስለ ኑሮ ውድነት ብዙ ትጽፋላችሁ። እኔም ዛሬ የምጽፈው ስለዚያው ነው፤ ግን በልብስ ማጠቢያ ማሽን በኩል ዞሬ ነው የምመጣው። የሰፈሬ ስም ሳሙና በር ሆኖ ስለ ልብስ እጥበት መጻፌ ካሳቃችሁ፣ ሳቁ፤ ልጆቼም ስቀውብኛል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ለጥምቀት ቤቴ እንግዳ ሞልቶት ነበር። የእህቴ ልጆች ከነልጆቻቸው ከአዲስ አበባ መጥተው፣ ሳሎኑ ሁሉ ፍራሽ ሆኖ፣ ከተራን፣ ጥምቀትንና ቃና ዘገሊላን አብረን አሳለፍን። ጥር 13 ሲሄዱ ትተውልኝ የሄዱት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ዝምታ፣ ሌላው የነጭ ልብስ ክምር። የነጠላው ጫፍ የባሕረ ጥምቀቱን መንገድ አቧራ እንዳለ ጠርጎ አምጥቶታል።

ማሽኑን የገዙልኝ ልጆቼ ናቸው፤ ከሦስት ዓመት በፊት አዋጥተው። ወገቤ ሣፋ ላይ መጎንበስ እምቢ ባለ ጊዜ። 7 ኪሎ የሚያጥብ፣ ከፊት ለፊት የመስታወት በር ያለው፣ ኦቶማቲክ የሚሉት ነው። የማን ምርት እንደሆነ አልጽፍም፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረምና።

ነጠላ ደግሞ በማሽን ይታጠባል ወይ የምትሉ እናቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። ግን አሥራ አንድ ነጠላ ነበር፣ ወገቤም አንድ ነው። ሁሉንም ከትቼ፣ ዱቄት ሳሙናውን በእጅ ሳጥብ እንደለመድኩት በብርጭቆ ሞልቼ ጨምሬ፣ ነጭ ልብስ ነው ብዬ 60 ዲግሪ ላይ አደረግሁት። ሦስት ጥፋት በአንድ ጠዋት መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ግን አንዱንም አላወቅሁትም።

ማሽኑ ዞረ፣ ዞረና ቆመ። በመስታወቱ ሳይ ነጠላዎቹ እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ተኝተዋል፤ ከላያቸው አረፋ። በሩን ብስበው አይከፈትም። ውኃ ውስጡ እያለ እንዳይከፈት ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ደግነቱም ያ ነው። መቆጣጠሪያው ላይ አንድ ፊደልና ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ያው ነው። ጭራሽ መብራት ሄደ። ነጠላዎቹን በጨለማ ከነውኃቸው ትቻቸው ተኛሁ።

እንቅልፍ ግን የት አለ? የፋሲለደስ መዋኛ ትዝ ይለኛል። ፋሲለደስ የነገሠው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1632 እስከ 1667 ነው። መዋኛው ዛሬም ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል፣ በዓሉ ሲያልፍ ይለቀቃል። እኔ የሦስት ዓመት ማሽን ይዤ ሁለት ባልዲ ውኃ ማስወጣት አቃተኝ።

በማግሥቱ ሰው ጠቁሞኝ አንድ ጠጋኝ አስመጣሁ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ካቻቢቴና ፒንሳ በፌስታል ይዟል። መብራት መጥቶ ስለነበር ሶኬቱን ሰካ፣ አንድ ነገር ተጫነ፣ ጆሮውን ወደ ማሽኑ አስጠጋ። ደቂቃም አልሞላ።

«ፓምፑ ተቃጥሏል፣ እናቴ።»

«በምን አወቅህ ልጄ?»

«ድምፁ ያስታውቃል።»

ፓምፑ 4,800 ብር፣ የእጅ 1,500 ብር። ፓምፑ ደግሞ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ማሽኑን ሱቁ ወስዶ ሊያቆየው ፈለገ። ነጠላዎቼስ ስለው «ሲፈታ ይወጣሉ» አለኝ። የጡረታ ደሞዜን እዚህ አልጽፈውም፤ 6,300 ብር ግን ይበልጠዋል። እደውልልሃለሁ ብዬ በትህትና ሸኘሁት።

ይህን ልጅ ሌባ አልለውም። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሳያነብ መልስ የሚጽፍ ተማሪ በሕይወቴ ስንቱን አይቻለሁ! ሰነፎች ብቻ አይደሉም እንዲህ የሚያደርጉት። ጎበዞቹም ያደርጉታል፤ እንዲያውም እነሱ ይብሳሉ።

ያዳነችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። 11ኛ ክፍል ናት፣ ቤት ውስጥ ሚጣ ነው የምንላት። ከሰዓት በኋላ እንጀራ ልታደርስልኝ መጥታ አየችውና «እትዬ፣ ከታች ያለችውን ትንሽዋን በር ከፍተው አይተዋል?» አለችኝ።

«የቷን በር?»

በስተቀኝ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብላ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል አራት ማዕዘን ክዳን አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ስወለውላት ኖሬያለሁ። ጌጥ ትመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ያደረግነውን ልንገራችሁ፤ ይህችን ክፍል ቆርጣችሁ ብታስቀምጧት አይቆጨኝም። መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀልን። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ መንቀል ነው። ቀጥሎ ውኃው መቀዝቀዙን አረጋገጥን። የእኔ አንድ ሌሊት ስላደረ ቀዝቅዟል፤ ገና እንደቆመ ከሆነ ግን በ60 ዲግሪ የታጠበ ውኃ እጅ ይልጣልና ሰዓታት መጠበቅ ነው። ይህን ሚጣ አላወቀችውም ነበር። እኔ ነኝ ያስጠነቀቅኋት፤ ለአንድ ነገር እንኳ ጠቀምኩ።

ክዳኗን በማንኪያ እጀታ ፈልቅቀን ከፈትናት። ውስጧ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ትልቅ፣ የሚሽከረከር የፕላስቲክ ቡሽ ነው። ሌላው ከጎኑ የተጠቀለለች ቀጭን የጎማ ቱቦ፣ ጫፏ የተወተፈ። ቱቦዋ የችግር ጊዜ መውጫ ናት። ሁሉም ማሽን ላይ አትኖርም። የእኔ ላይ አለች፤ ተመስገን። ወደ ወለሉ በጣም ስለምትቀርብ ሣፋም ባልዲም ከሥሯ አይገባም። የዳቦ ትሪዬን አስገባን፤ ውታፉን ነቀልን። ትሪው ሲሞላ መወተፍ፣ መድፋት፣ መመለስ። ሚጣ ስትቆጥር አሥራ ሰባት ትሪ ሆነ። አሥራ ስምንተኛው ግማሽ ላይ ቆመ።

ከዚያ ወለሉ ላይ አሮጌ ፎጣ አንጥፈን ትልቁን ቡሽ ወደ ግራ ቀስ እያልን አዞርነው። የቀረችው ውኃ ፈሰሰች። ሽታውን ተዉት። ቡሹ ሲወጣ ከኋላው ወንፊት የመሰለ ነገር ተያይዞ ወጣ። ፊልተሩ ማለት ይኸው ነው። ልብስ ውስጥ የተረሳ ነገር ፓምፑ ጋ እንዳይደርስ የሚይዝ ነው።

ምን ምን ያዘ መሰላችሁ? አንድ ብር ሳንቲም። ሁለት መርፌ ቁልፍ። የልጅ ሸሚዝ ቁልፍ። ከጠቆረ የልብስ ብናኝ ጋር የተቀላቀለ፣ አይጥ የሚያህል ጭቃ። እነዚህ የሦስት ዓመት እዳዎች ናቸው። ውኃውን የዘጋው ግን ከበስተኋላ ያለው ነበር። ሚጣ የስልኳን ባትሪ አብርታ አንገቷን ወለል ላይ ጥላ አየችና «እትዬ፣ አንድ ነገር ተጠምጥሟል» አለች።

ቀዳዳው ውስጥ እንደ ቬንትሌተር ክንፍ ያለች ትንሽ ነገር አለች። ውኃውን ገፍታ የምታስወጣው እሷ ናት። በእሷ ላይ ክር ተጠምጥሟል። የነጠላ ጫፍ ክር ነው። ግን ክር ብቻ ቢሆን እንዲህ አይደርቅም። በፒንሳ ስስበው የሻማ ያህል ጠንካራ ነው። አፍንጫዬ ጋ አስጠጋሁት። ጧፍ!

ከልጆቹ አንዱ በከተራ ማታ የተረፈውን ጧፍ በነጠላው ጫፍ ቋጥሮታል ማለት ነው። ጧፍ ደግሞ ሰም የጠጣ ፈትል ነው። ሰም የሚቀልጠው ከ60 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። እኔ 60 ላይ አድርጌው አለሳለስኩት። ፈትሉ ተፈታ፣ ከነጠላው ክር ጋር ተያያዘ፣ ወንፊቱን አልፎ ክንፏ ላይ ተጠመጠመ። ውኃው ሲቀዘቅዝ ሰሙ ደረቀ። ጠጋኙ የሰማው ድምፅ የታሰረች ፓምፕ ማቃሰት ነበር እንጂ የተቃጠለች ፓምፕ አልነበረም። የተቃጠለችማ ምን ድምፅ አላት?

ስለ ድምፁ ትንሽ ልበል፤ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። ውኃ ማስወጣት ሲገባው ማሽኑ ከታች እምምም እያለ ውኃው ካልወጣ፣ ፓምፑ መብራት ደርሶታል፤ ሊዞር ሞክሮ የያዘው ነገር አለ፣ ወይም መውጫው ተዘግቷል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ያን ጊዜ ሽቦ፣ ፓምፑ ራሱ ወይም የማሽኑ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ይጠረጠራል፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው። ደህና እየዞረ፣ ድምፁም ለስለስ ብሎ ውኃው ካልወጣ ደግሞ የማስወጫው ጎማ ይታይ። አንድ ነገር ልጨምር። ክንፏን ሶኬቱ ተነቅሎ በጣት ሲያዞሯት ዝም ብላ አትዞርም፤ ቆም እያለች እየዘለለች ነው። ውስጧ ማግኔት ስላለ ነው። ሚጣ «ተሰብራለች» ብላ ደንግጣ ነበር። ማግኔት እንዴት ጥጉን እንደሚይዝ ለማስረዳት ወለሉ ላይ ተቀምጬ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ከጡረታ በኋላ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ክሩን በመቀስ ቆራርጠን አወጣን። ፊልተሩን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጠብን። ቡሹን አጥብቀን መለስን። ይህ ካልጠበቀ ቤቱ ጎርፍ ነው። በሳሙናው መሳቢያ አንድ ሊትር ውኃ አፍስሰን ከታች ይንጠባጠብ እንደሆነ አየን። አልተንጠባጠበም። ሶኬቱን ሰካን፣ ማለቅለቂያውን አስጀመርነው።

ውኃ ገባ፣ ዞረ፣ መውጣት ጀመረ። እልል ልል አፌን ስከፍት ቆመ።

አሁን የምናገረው የራሴን ጥፋት ነው። ጎንደር ውኃ በፈረቃ እንደምናገኝ የማታውቁ ካላችሁ ዕወቁ። ሲመጣ ሮቶ እንሞላለን፣ ሲሄድ ከሮቶ እንቀዳለን። እንዲህ ያለ ማሽን አንዴ ለማጠብ 50 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ያን ወደ ፍሳሽ መልቀቅ እንደ ኃጢአት ነው የምቆጥረው። ስለዚህ የማስወጫውን ጎማ ጀሪካን ውስጥ እከተዋለሁ፤ ውኃው ለመጸዳጃ ቤት ይሆነኛል። እንዳይረጭብኝ ደግሞ የጀሪካኑን አፍ በጨርቅ ጥቅጥቅ አድርጌ ወትፌው ነበር። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው አየር የት ይሂድ? ውኃው ሲገባ አየሩ መውጫ አጣ፤ ግማሽ ላይ ተፋጠጡና ቆሙ። ጨርቁን ስነቅለው ጀሪካኑ እንደ ሰው ተነፈሰ፣ ውኃውም መጣ።

«አየር ቦታ ይይዛል።» ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ነው። ብርጭቆ ደፍቼ ውኃ ውስጥ እየከተትኩ ያሳየሁት ነው።

አላለቀም። በማግሥቱ አንሶላ ላጥብ ብዬ ማሽኑን ከፈትኩት። ውኃ ይገባል፣ ይገባል፣ አይሞላም። ሳይ ከታች በጎማው ወደ ጀሪካኑ እየፈሰሰ ነው፤ ጀሪካኑም ሞልቶ ወለሉን ይዞታል። ጎማው መሬት ያለ ጀሪካን ውስጥ ወርዶ ስለነበር ፓምፑ ሳይታዘዝ ውኃው ራሱን እየሳበ ይወጣል። ሲፎን! 7ኛ ክፍል በላስቲክ ቱቦና በሁለት ባልዲ ያስተማርኩት ሲፎን። ያን ጊዜስ ራሴን ታዘብኩት። ድሮ ጎማውን ከፍ አድርጌ አስሬው ነበር፤ ሁሉን ነገር ስንነካካ ወርዶ ነው።

የእነዚህ ማሽኖች ጎማ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት፤ ትክክለኛው ልክ መመሪያው ላይ አለ። ከዚያ ካነሰ ውኃው ራሱ ያመልጣል፣ በጣም ከበዛ ፓምፑ አይደርስበትም። ያገኘሁት መላ በርሜል ነው። የተለመደው የ200 ሊትር በርሜል ቁመቱ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ስለሚጠጋ ጎማውን ጠርዙ ላይ አንጠልጥሎ በሽቦ ማሰር ነው። ጫፉ ግን የተጠራቀመው ውኃ ውስጥ አይጥለቅ። ማሽኑን ወደ ግድግዳ ስትገፉም ጎማው ከኋላ እንዳይታጠፍ እዩት። ይህንን እንኳ አላጠፋሁም፤ ለምን እንደሆነ ራሴም ይገርመኛል።

አረፋውን ረስቼው። እናቴ ቀሃ ወንዝ ወርዳ በእንዶድ ነበር የምታጥበው። እንዶድ ሲወቀጥ አረፋው ይገርማል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ ነው በእነሱ ለሚተላለፈው ለቢልሃርዝያ መከላከያ የሚሆን መንገድ የጠቆመን። ይህን ለተማሪዎቼ ሁሉ ነግሬያለሁ። ከእናቴ የወረስኩት ግን አረፋ ካልበዛ ልብስ አልጸዳም የሚለውን ነው። ማሽን ላይ ተቃራኒው ነው። አረፋ አየር ነው፤ ፓምፕ ደግሞ ውኃ እንጂ አየር መግፋት አይሆንለትም። ለእጅ የተሠራ ዱቄት በብርጭቆ ከጨመራችሁ ምንም ሳይዘጋ ራሱ ውኃ አላስወጣም ሊል ይችላል። የኦቶማቲክ ሳሙና ካገኛችሁ እሱ፣ ካላገኛችሁ የእጁን በጣም ቀንሳችሁ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ማሽኔን ላወራ ብቻ አይደለም።

እዚሁ ሰፈር አንድ ቤት፣ ሁለት ጉድጓድ ያለው ሰሚ ኦቶማቲክ ማሽን አለ። ሠራተኛዋ ከገጠር የመጣች ልጅ ናት፤ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች። ማሽኑ ውኃ አላወጣ ሲል «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ተባለች፣ ከደሞዟም 800 ብር ተቆረጠባት። የኔን ወሬ ሰምታ አንድ ማታ መጥታ አለቀሰችብኝ። ሚጣን ይዤ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር በዚያን ሳምንት በጣም ጎርሬ ነበር።

ሄደን ያየነው ምን መሰላችሁ? የማስወጫው ጎማ ከፍ ብሎ እጅ መታጠቢያው ላይ ተንጠልጥሏል። አባወራው እኔ ቤት አይቶ ነው አሉ እንዲያ ያደረገው። የእኔ ግን ፓምፕ አለው። ሰሚ ኦቶማቲክ ብዙውን ጊዜ ፓምፕ የለውም። ውኃው በክብደቱ ወርዶ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ሲለቀቅ ጎማው ወለል ላይ መተኛት አለበት። የኔው ትክክል ለእነሱ ስህተት ሆነባቸው። ጎማውን አወረድነው፣ ማዞሪያውን ማስወጫው ላይ አደረግነው፣ ውኃው ወረደ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ልጅቱ ብሯ ተመለሰላት ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ግማሹ ተመልሶላታል። ሌላውን ግማሽ እየተከታተልኩ ነው።

መመሪያውን አምጡ አልኳቸው። ከነላስቲኩ ነው ያለው፣ ማንም አልከፈተውም። እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ዐረብኛ አለበት። የኔንም አየሁ፤ ስድስት ቋንቋ ቆጠርኩ። አማርኛ የለም። ሌላም ያገራችን ቋንቋ የለም። እኔስ እንግሊዝኛውን በመነጽር አጉልቼ አነበዋለሁ። ግን ማሽን ባለበት ቤት ሁሉ ማሽኑን በየቀኑ የሚነካው ማን ነው? ባለቤቱ አይደለም። ያቺ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ልጅ ናት። ሲበላሽ የምትጠየቀውም እሷው ናት።

ስለዚህ ልመናዬ ለአስመጪዎች ነው። መጽሐፍ ተርጉሙ አላልኩም። አንዲት ወረቀት። «በወር አንዴ ይህችን ክዳን ከፍታችሁ ፊልተሩን አጽዱ። ከመክፈታችሁ በፊት ሶኬት ንቀሉ፣ ውኃው ይቀዝቀዝ። ጎማው በዚህ ከፍታ ይሰቀል።» ሦስት መስመር ናት። እዚያችው ትንሽ በር ላይ ብትለጠፍ ምን ታስከፍላለች? የሚያሳየው ፊደልም ምን ማለት እንደሆነ ይጻፍ። የኤልጂ ማሽን ያለው ጎረቤቴ «ኦ ኢ» ሲለው ኦክስጅን አነሰው ወይ ብሎ ጠይቆኛል! ውኃ አልወጣም ማለቱ ነው። በሳምሰንግ «5 ኢ» ወይም «5 ሲ»፣ በቦሽ «ኢ 18» ያው አንድ ነገር ነው።

ለእናንተ ለጋዜጣዎቹም አንድ ጥያቄ አለኝ። ከስፖርቱ ገጽ ሥር ሁልጊዜ ትንሽ ባዶ ቦታ ትተርፋችኋለች፤ አይቻለሁ። በሳምንት አንዴ እዚያች ላይ አንድ የቤት ዕቃ ይጻፍባት። ፍሪጅ፣ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ የውኃ ማሞቂያ። እዚህ ጎንደር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ የሚጽፍ አስተማሪም ተማሪም አይጠፋም። እኔም ካስፈለገ አርማለሁ። ቀይ እስክሪብቶዬ አሁንም አለ።

ያ ጠጋኝ ልጅ በሳምንቱ ደወለ። «ፓምፑን ላዝዘው ወይ እናቴ?» አለኝ። ና ቡና ጠጣ አልኩት። መጣ። የሰሙን ጥምጥም በሲኒ ማስቀመጫ አድርጌ ከቆሎው አጠገብ አቀረብኩለት። አገላብጦ አየው፣ ሸተተው፣ ቀና ብሎ አላየኝም። «ያቺን በር ለምን አልከፈትካትም?» ብዬ ስጠይቀው እውነቱን ነገረኝ። ሥራውን የተማረው ፍሪጅ ላይ ነው፤ ልብስ ማጠቢያ በቅርቡ ነው የጀመረው፤ ያሳየው ሰው የለም። አልፈረድኩበትም። ክዳኗን ከፍቼ ሁሉንም አሳየሁት፣ በስልኩ ፎቶ አነሳው። ሦስተኛውን ቡና ጠጥቶ ሲወጣ ለመጣበት 100 ብር ብሰጠው እምቢ አለ። ሳንቲሟን ግን ይስጡኝ አለኝ፣ ሰጠሁት።

ነጠላዎቹ ደህና ናቸው። ሁለቱ ጫፋቸው ተፈትቷል፤ ሸማኔ ዘንድ ልኬያቸዋለሁ። አሁን ነጠላ በማሽን ሳጥብ የትራስ ልብስ ውስጥ ከትቼ፣ አፉን በክር አስሬ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ነው። ከመክተቴም በፊት ጫፍ ጫፉን በጣቴ እዳብሳለሁ። ትናንት እንኳ አንድ የሎሚ ፍሬ አገኘሁ።

ደብዳቤው ረዝሞባችሁ መቁረጥ ካለባችሁ ስለ እናቴና ስለ እንዶድ የጻፍኩትን ቁረጡት። ስለ ሶኬቱና ስለ ፍል ውኃው ያለውን ግን አደራ፣ እንዳትነኩት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛዋ የሳይንስ መምህርት
ሳሙና በር፣ ጎንደር